ቡናው ሲቀላ፣ ውጤትም ሲመጣ

ከጅማ ተነስቶ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው የማና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን የቡን ያገኛል። እንደ ዙሪያዋ ከተሞች ሁሉ የየቡም ኑሮ በቡና የቆመ ነው፤ የዓመቱ ገንዘብ የሚገባውም ባንድ ወቅት ነው። መስከረም ሲገባደድ ቡናው መቅላት ይጀምራል። ጥቅምትና ኅዳር ለቀማ ነው። እሸቱ ለማጠቢያ ጣቢያ ይሸጣል፤ የቀረው አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ፣ ጀንፈል እስኪሆን ይጠበቃል። የ2015፣ የ2016 እና የ2017 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤቶች ይፋ የሆኑትም በዚሁ ዋዜማ፣ ከጳጉሜን እስከ መስከረም መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

በብዙ ቤት «ይህ ልጅ እንግዲህ ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ በቁም ነገር የሚነሳው ያን ሰሞን ነው። አባት ለቃሚ ፍለጋ ይሯሯጣል፣ እናት አልጋውን ታስጠግናለች፣ ልጁ ደግሞ ስልኩን ይዞ ውጤቱ የሚታይበትን ገጽ ደጋግሞ ይከፍታል። ጥያቄው ያኔ መነሳቱ ዘግይቷል። መነሳት የነበረበት ከአራት ዓመት በፊት፣ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ነበር።

ለምን ቢባል፣ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የታየውን ማስታወስ ይበቃል። የ2014 ዓ.ም. ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በ2015 ያለፉት 27,267 ሆኑ፣ 3.2 በመቶ። በ2016 ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አለ፤ ከ585,882 ተፈታኞች 48,929ኙ አልፈዋል። መሻሻሉ የሚያስደስት ነው። ሆኖም በዚህ በተሻለው ዓመት እንኳ በቀጥታ የዩኒቨርሲቲ በር የተከፈተለት ከአሥራ ሁለት ተፈታኞች ለአንዱ ብቻ ነው።

ይህን ቁጥር ልጅን ማስፈራሪያ ማድረግ አይጠቅምም። የፈራ ልጅ ይሸመድዳል እንጂ አያጠናም። ከቁጥሩ መወሰድ ያለበት ትምህርት፣ ዩኒቨርሲቲን ብቻ ይዞ የተሠራ ዕቅድ ከአሥራ ሁለት ቤት አሥራ አንዱን ባዶ እጁን የሚያስቀር መሆኑ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሚመኘውን ሙያ፣ ውጤቱ ካልደረሰ የሚይዘውን ሁለተኛ መንገድ፣ ሁለቱም ካልሆኑ የሚጀምርበትን ሦስተኛ መንገድ ከነወጪያቸው አስቀድሞ ካወቀ፣ መስከረም ላይ የሚመጣው ቁጥር ምንም ይሁን ምን ቤቱ አይናወጥም።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን በ9ኛ ክፍል ደጃፍ ላይ ያለውን እንቅፋት ማየት ያስፈልጋል። የየቡ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ይማራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማሩ ነገሩን በትክክል እንዲረዳ ያደርገዋል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ሒሳቡም፣ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም በአንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይሆናሉ። የ12ኛ ክፍሉ ፈተናም በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ሽግግር ላይ ብዙ ልጅ ውጤቱ ያሽቆለቁላል፤ ወላጅም መምህርም «ሳይንስ አይሆንለትም» ብለው ይደመድማሉ። ልጁም ያምናቸዋል።

ስለዚህ ልጅ በፈተና ሲወድቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን አላጠናህም?» ሳይሆን «ያልገባህ ነገሩ ነው ወይስ ቋንቋው?» መሆን አለበት። አንድን የባዮሎጂ ምዕራፍ በአፋን ኦሮሞ አጥርቶ ማስረዳት የሚችል ልጅ የጎደለው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ እሱም የሚሞላ ጉድለት ነው። አንድ ደብተር ገዝቶ ከየትምህርቱ የሚያጋጥሙትን አዳዲስ ቃላት ከነትርጉማቸው በየቀኑ እንዲጽፍ ማድረግ፣ መጽሐፉን ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብ ማገዝ፣ ክረምት ላይ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጣ የሰፈር ልጅ በሳምንት ሁለት ቀን እንዲያስጠናው መለመን ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በሦስት ዓመት የሚያመጣው ለውጥ ግን በ12ኛ ክፍል ከሚከፈልበት የማጠናከሪያ ትምህርት ይበልጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው መስቀለኛ መንገድ 10ኛ ክፍል ሲያልቅ ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ተማሪው ወደ 11ኛ ሲያልፍ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ ብሎ ይመርጣል። ምርጫው ባንድ ቀን የሚሞላ ቅጽ ይመስላል፤ የሚዘጋው በር ግን ብዙ ነው። ማኅበራዊ ሳይንስ የገባ ልጅ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ልሁን ቢል መመለሻ የለውም። ሕግ ወይም ሒሳብ አያያዝ የሚወድ ልጅ ደግሞ «ጎበዝ ተማሪ ናቹራል ነው የሚገባው» ተብሎ ከፊዚክስ ጋር ሲታገል ሁለት ዓመት ያባክናል።

ይህ «ጎበዝ ናቹራል ይገባል» የሚል አስተሳሰብ ሥር አለው። መንግሥት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ቅበላ 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ መድቦ ለዓመታት ሠርቶበታል፤ ያን ጊዜ ስሌቱ ትክክል ይመስል ነበር። ዛሬ ማየት የሚበጀው የልጁን የሦስት ዓመት የውጤት ካርድ ነው። ማንም ሳይጎተጉተው ከፍ የሚልበት ትምህርት የቱ ነው? የቤት ሥራውን መጀመሪያ የሚሠራለት የቱን ነው? ጓደኞቹ ሲቸገሩ የሚጠይቁት ስለ ምንድን ነው? የአንድ መንፈቅ ውጤት መምህሩን ወይም የልጁን ጤና ሊያሳይ ይችላል፤ የሦስት ዓመቱ ግን ልጁን ያሳያል።

ወላጅ በዚህ ምርጫ ውስጥ ምን ያህል ይግባ? ጅማ ለዚህ ጥያቄ ሁለት ታሪኮች አሏት።

ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት ጅማ ነው። ቤተሰባቸው ምህንድስና እንዲማሩ ብሎ ገና በወጣትነታቸው ወደ ዌልስ ላካቸው። እዚያ በተማሩበት ሊንዲስፋርን ኮሌጅ የሙዚቃ ችሎታቸው ጎልቶ ታየ፤ መንገዳቸውንም ቀይረው ለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ከዚያም አሜሪካ ቦስተን በርክሊ ገቡ። በበርክሊ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ መሆናቸው ይነገርላቸዋል። ኢትዮ ጃዝ ከዚህ የሙያ ለውጥ የተወለደ ነው። መሐንዲስ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት ጥሩ መሐንዲስ ይሆኑ ነበር፤ ዓለም ዛሬ የሚያውቃቸው ግን መምህራኖቻቸው አይተው ባበረታቱት ሙያ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ የተገላቢጦሽ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በምዕራብ ሸዋ ወሎንኮሚ እ.ኤ.አ. በ1950 በአንዲት የሣር ጎጆ ተወለዱ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ለመድረስ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ሄደው፣ ሳምንቱን እዚያው ሰንብተው ዓርብ ይመለሱ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን የተማሩት ጅማ፣ በአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ እ.ኤ.አ. በ1952 በተከፈተው የእርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። ኮሌጅ ሊገቡ ሲሉ ሐሳባቸው ምህንድስና ነበር። እናታቸው ግን በእርሻ የበለጠ መሥራት እንደሚችሉ አሳመኗቸው። ዓለማያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዲግሪያቸውን ሠሩ፣ ድርቅ የሚቋቋሙና አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት የሚመክቱ ዝርያዎችን አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ።

በአንዱ ታሪክ ቤተሰብ የመረጠው ተቀየረ፣ በሌላው ልጁ የመረጠው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው፣ ልጁን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱን ይዞ መናገሩ ነው። የፕሮፌሰር ገቢሳ እናት አሳመኗቸው እንጂ አላስገደዷቸውም። የየቡ አባት «ዶክተር ሁን» ሲል ለምን እንደሆነ ማስረዳት ከቻለ ድምፁ ሊደመጥ ይገባዋል፤ ምክንያቱ የጎረቤት ልጅ ሐኪም መሆኑ ብቻ ከሆነ ግን አይበቃም።

የምኞት ጥበት የየቡ ችግር ብቻ አይደለም። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት፣ በ41 አገሮች ከሚገኙ የ15 ዓመት ልጆች ውስጥ ከሴቶቹ 53 በመቶ፣ ከወንዶቹ 47 በመቶ የሚሆኑት በ30 ዓመታቸው እንሆናለን ያሉት ከአሥር ሙያዎች አንዱን ነው። ሐኪም፣ መምህር፣ መሐንዲስ፣ ፖሊስ፣ እንዲህ ያሉትን። ኢትዮጵያ በጥናቱ ውስጥ ባትኖርም ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልጅ የሚመኘው ያየውን ነው። ያላየውን ሙያ ሊመርጥ አይችልም።

የቡ እና አካባቢዋ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው፤ ብዙ የሚታይ ነገር አላቸውና። ሁሉም ከጓሮ ቡና ይጀምራል። አርሶ አደሩ 74110 ወይም 74112 እያለ የሚጠራቸው የቡና ዝርያዎች አሉ። 74 የሚለው እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታል። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1971፣ ፍሬውን የሚያጠቁር በሽታ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ማሳ እያራቆተ ነበር። ተመራማሪዎች በየጫካውና በየጓሮው ዞረው በሽታው ያልበገራቸውን እናት ዛፎች ለቀሙ፣ ዘራቸውን ፈተሹ፣ የተረፉትን ለገበሬው ሰጡ። ይህን ሥራ የሠራው ከጅማ ወጣ ብሎ መልኮ ላይ ያለው የምርምር ማዕከል ዛሬም አለ። ጓሮው ያለ ቡና ቁጥር ለምን እንደተሰጠው የሚጠይቅ ልጅ፣ የዕፅዋት ማዳቀል የሚባል ሙያ መኖሩን በዚያው ይረዳል።

ሌላው ሙያ ቅምሻ ነው። ቡና ከመሸጡ በፊት ናሙናው ተቆልቶ ይፈጫል፤ በየስኒው ይሰፈርና የፈላ ውሃ ይጨመርበታል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ከላይ የረጋውን ቀማሹ በማንኪያ ጀርባ ገለጥ ያደርግና አፍንጫውን ወደ ስኒው አስጠግቶ ያሸታል። ከዚያ በማንኪያ ጨልፎ በኃይል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ድምፁ በር ላይ ለቆመ ሰው ይሰማል። ቡናው ምላስን ሁሉ እንዲያዳርስ ነው እንዲያ የሚደረገው። አጣጥሞ ይተፋና ነጥብ ይጽፋል፤ ለጣዕም ንጽሕናው፣ ለኮምጣጣነቱ፣ ለክብደቱ፣ ለመዓዛው። በአገራችን የቡና ደረጃ አወጣጥ ጥሬው ፍሬ 40 በመቶ፣ ስኒው 60 በመቶ ይይዛል። ስለዚህ የገበሬው ዓመት ሙሉ ልፋት በከፊል የሚወሰነው በዚያ ሰው ምላስ ነው። ለዚህ ሙያ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ጥሩ እንግሊዝኛና ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ዓለም አቀፍ የቀማሽነት ማረጋገጫም አለው። ቡና አብቃይ አገር ተወልዶ ይህን ክፍል አንድ ቀን ሳያይ 12ኛ ክፍል የሚጨርስ ልጅ መኖሩ የሚያሳዝን ነው።

የአካባቢው ቡና ራሱ በባለሙያ እጅ ተለውጧል። የጅማ ቡና ለረጅም ዘመን በገበያ የሚታወቀው ዝቅ ባለ ደረጃ ነበር፤ «ጅማ 5» ሲባል በጅምላ የሚሸጥ ያልታጠበ ቡና ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ቴክኖሰርቭ በተባለ ግብረ ሠናይ ድርጅት እገዛ በጎማ፣ በጌራ፣ በሊሙና በማና አካባቢዎች ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ተደራጅተው የራሳቸውን ማጠቢያ ጣቢያ ማቆም ጀመሩ። በጎማ ወረዳ እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው ዱሮሚና በሁለተኛ ዓመቱ በተደረገ አህጉራዊ ውድድር የአፍሪካ ምርጥ ቡና ተብሎ ተሸለመ። ይህን ያደረጉት ገበሬዎቹ ብቻ አይደሉም። ማጠቢያ ጣቢያ መሣሪያውን የሚጠግን መካኒክ፣ እሸቱን መዝኖ ሒሳብ የሚይዝ፣ የማድረቂያ አልጋውን ጥራት የሚከታተል፣ የባንክ ብድር የሚጠይቅ፣ ከውጭ ገዢ ጋር የሚጻጻፍ ሰው ይፈልጋል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ አምራቹ በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልክ መንገዱ ስለተከፈተ የመጨረሻዎቹ ሙያዎች ፈላጊ በዝቷል። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና 2.65 ቢሊዮን ዶላር አግኝታለች። ቡና «ትምህርት ያልሆነለት ልጅ የሚመለስበት» ሥራ ነው ብሎ ማሰብ በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም።

ከቡናው ወጣ ሲባል ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው። የእርሻ ኮሌጁና እ.ኤ.አ. በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የተመሠረተ ሲሆን፣ ከጥንቱ ጀምሮ ተማሪዎቹን ወደ ኅብረተሰቡ በመላክ ይታወቃል። የጤና ተማሪዎቹ በጅማ ዙሪያ ባሉ ከተሞች ጤና ጣቢያዎች ተመድበው ይሠራሉ። ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ ወይም ሐኪም ሊሆን ያለን ወጣት በሥራ ላይ አግኝቶ «ቀኑ እንዴት ይውላል? ምኑ ይከብዳል?» ብሎ መጠየቅ የሚቻልበት ዕድል ነው። የእርሻ ኮሌጁ ከምርት በኋላ ያለውን አያያዝ የሚያስተምር ክፍል አለው፤ ቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ነው። ከየቡ በሚኒባስ ሄዶ በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። ከዚህ የበለጠ የሙያ ምክር የሚሰጥ መጽሐፍ የለም።

ውጤቱ ከመጣ በኋላ ያሉት መንገዶች ደግሞ ከብዙ ሰው ግምት ይሰፋሉ።

50 በመቶ ያለፈ ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት የጋራ ትምህርት ይወስዳል፤ የትምህርት ክፍል የሚመርጠው ከዚያ ነው። ስለዚህ ሕክምና ወይም ሶፍትዌር ምህንድስና የሚያልም ልጅ ትልቁ ፉክክር የሚጠብቀው ግቢ ከገባ በኋላ መሆኑን ቀድሞ ይወቅ። በአንደኛው መንፈቅ «ተርፌያለሁ» ብሎ የተዘናጋ ብዙ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሚፈልግ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ የመግቢያ ፈተና እንዳለው ማወቅ አለበት። በመጨረሻም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሳያልፉ ዲግሪ የለም።

ከ50 በታች ሆኖ የተቆረጠውን ነጥብ ያመጣ ተማሪ ሬሚዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት ይገባል። ብዙ ቤተሰብ ይህን እንደ ውርደት ያየዋል፤ ስህተት ነው። የጎደለውን ሞልቶ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ከሌሎቹ እኩል አንደኛ ዓመት ይጀምራል። የሚጎዳው ተስፋ ቆርጦ የሚቀመጠው ነው።

የግል ኮሌጅ ላይ ግን ወላጅ ዐይኑን ይክፈት። ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ጥሩ የግል ኮሌጅ የለም ማለት አይደለም፤ አለ። ጀንፈል ሸጦ የሚከፍል አባት ግን ከመክፈሉ በፊት ኮሌጁ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና ማግኘቱን፣ ዕውቅናውም ልጁ ለሚማርበት ለዚያው ትምህርትና ለዚያው ካምፓስ መሆኑን፣ ካለፈው ዓመት ተማሪዎቹም ስንቱ የመውጫ ፈተናውን እንዳለፈ ይጠይቅ። መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ ገንዘብ አይገባውም።

ቴክኒክና ሙያ ደግሞ ከሁሉ በላይ የተበደለ መንገድ ነው። ጅማ ላይ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ ሥልጠናው በደረጃ ከፍ እያለ ይሄዳል፣ በየደረጃው ምዘና አለ፣ ብቃቱ ሲረጋገጥ ለሥራም ለሚቀጥለው ደረጃም ያበቃል፤ እስከ ዲግሪም የሚወስድ መስመር አለው። ሞተር መጠገን፣ ኤሌክትሪክ መዘርጋት፣ ብረት መበየድ የሚችል ሰው በለቀማ ወራት የቡና አገር ውስጥ ሥራ አያጣም፤ ማጠቢያ ጣቢያው የሚቆመው መሣሪያው ሲበላሽ ነውና። ልጁ እጁ የሚሠራ ከሆነ ይህ መንገድ ሦስተኛ ሳይሆን የመጀመሪያ ምርጫው ሊሆን ይችላል፤ ወላጅም አንገቱን ሳይደፋ ሊደግፈው ይገባል። መምህርነት ለሚወድ ልጅም የጅማ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ በአቅራቢያው አለለት።

ገንዘቡስ? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል፤ ዕዳውን ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የመንገድ፣ የልብስ፣ የደብተርና የኪስ ገንዘብ ነው። የቡና ቤተሰብ ችግር ገንዘቡ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ገብቶ የልጁ ወጪ ግን ዓመቱን ሙሉ መዝለቁ ነው። ጥር ላይ ሞልቶ የነበረ ኪስ ሐምሌ ላይ ባዶ ይሆናል። ልጁ 9ኛ ክፍል ከገባበት ዓመት ጀምሮ ከየሽያጩ ትንሽ ትንሽ በልጁ ስም በተከፈተ ደብተር ማስቀመጥ፣ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ፖሊ ቴክኒክ የሚገባበት ቀን ሲደርስ በርካሽ አስቀድሞ ቡና ከመሸጥ ያድናል።

ከገንዘቡ እኩል የሚያስጨንቀው ጊዜው ነው። ለቀማው የሚውለው የመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርት በሚጠነክርበት ወቅት ነው። ልጅ ቤተሰቡን ማገዙ ተገቢ ነው፤ የሚለቅመው ግን ቅዳሜና እሑድ ከሆነ ይበቃል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት የሚቀር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያልተማራቸው ምዕራፎች ሐምሌ ላይ ፈተና ሆነው ይመጡበታል።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው መነገር አለበት። ከጅማ ዞን ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ወንድሟ ሲወድቅ «ይድገም» ይባላል፣ እሷ ስትወድቅ ግን ፓስፖርት ወይም ትዳር ይነሳል። ሁለተኛና ሦስተኛ መንገዱ አስቀድሞ ተጽፎ ያልተቀመጠበት ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋ ተጎጂ ልጅቱ ናት። ስልክ ያላት ልጅ ቤቷ ሆና ልትጀምረው የምትችለው ነገርም አለ፤ በ2016 ክረምት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግንና የዳታ ሳይንስን መሠረት በኢንተርኔት በነፃ ያስተምራል። ሥራ ያስገኛል ብሎ መማል አይቻልም፤ ልጅቱ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ዝንባሌ እንዳላት ግን ያለ ምንም ወጪ ያሳያታል።

የሚቀረው ሥራ የብዙ ሰው ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የማጠቢያ ጣቢያ ባለቤቶች በለቀማው ማብቂያ አንዱን ቀን ለ10ኛ ክፍል ተማሪዎች በራቸውን ይክፈቱ፤ ከመዛኙ እስከ ሒሳብ ሠራተኛው ያሉ ባለሙያዎች ስለ ሥራቸው ይንገሯቸው። ርዕሰ መምህራን ከየቡ ወጥተው ዩኒቨርሲቲና ፖሊ ቴክኒክ የገቡ ልጆችን በክረምት ሰብስበው ከታናናሾቻቸው ጋር ያገናኙ። ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ ደግሞ የመስክ መምረጫው ቅጽ ከመምጣቱ በፊት አንድ ምሽት ይመድብ፤ የሦስት ዓመት የውጤት ካርዱን ያውጣ፣ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጥ፣ ሦስቱን መንገዶች ከነወጪያቸው በወረቀት ላይ አብረው ይጻፉ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ይዞት ጅማ ይውረድ።